ወረኢሉ፦ ትእዛዝ የደረሰባት፣ ወሬ ያልወጣላት አገር

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ አስነገሩ። ለሸዋ ሰው መሰብሰቢያ ተብሎ የተቆረጠው ቦታ ወረኢሉ ነበር፤ የጊዜው ገደብም የጥቅምት እኩሌታ። ከአዋጁ እስከ ቀጠሮው አምስት ሳምንት ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቃሉ በየገበያው ተነገረ፣ በየሹሙ ደጅ ተደገመ፣ ገበሬው ስንቁን ቋጠረ፣ ባለ በቅሎው በቅሎውን ጫነ፣ ሠራዊቱም ወረኢሉ ላይ ከተተ። ሰባ ዓመት አለፈ። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ የዚያችው የወረኢሉ አውራጃ ሕዝብ ተራበ። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ካወቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ በኅዳር፣ ወሬው አዲስ አበባ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ግን ሌላ 302 ቀን ፈጀ። በእግርና በበቅሎ ዘመን አምስት ሳምንት የበቃው ግንኙነት፣ በስልክና በመኪና ዘመን ከአሥር ወር በላይ ጠየቀ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው በቀላሉ አያልፋቸውም። ቦታው አንድ ነው፤ የተለየው አቅጣጫው ነው። የመጀመሪያው ከዙፋን ወደ ገበሬ የወረደ ትእዛዝ ነው፣ ሁለተኛው ከገበሬ ወደ ዙፋን መውጣት የነበረበት ወሬ። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚሁ ላይ ይቆማል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ትእዛዝ የሚወርድበትን መንገድ ለዘመናት ሲጠርግና ሲያሰፋ ኖሯል፣ ወሬ የሚወጣበትን መንገድ ግን ለግለሰብ ድፍረትና ለዕድል ተወው። መንግሥቱ ዘመናዊ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው መንገድ ሲሰፋ ሁለተኛው ጠበበ። ለዚህ ምክንያቱን በሽቦና በወረቀት ውስጥ ከመፈለግ፣ በመካከል ያለው ሰው መልእክቱን ቢያስተላልፍ ምን ያገኛል፣ ቢይዘው ምን ይቀርበታል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከአዋጅ እንጀምር። አዋጅ ማስነገር የራሱ ሥርዓት ያለው ሙያ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ጉሰማው ራሱ ሰውን ከሥራው ያስነሣል፣ የሚነገረው ነገር የመንግሥት መሆኑንም ያስታውቃል። ነጋሪት መምታት ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም፤ ሹመት ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር ይሰጥ ስለ ነበር፣ ድምፁ ሲሰማ የማን ቃል እንደ ሆነ አይጠየቅም። ቀኑም የገበያ ቀን ይሆናል፣ ምክንያቱም በሳምንቱ ውስጥ የየቀበሌው ሰው በአንድ ቦታ የሚገኘው ያን ዕለት ነው። አዋጅ ነጋሪው ቃሉን አጭርና ለጆሮ የሚመች አድርጎ ይለፍፋል፣ ሰሚውንም የመልእክቱ ተሸካሚ ያደርገዋል፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይላልና። ማንበብ የማይችል ሕዝብ በሚበዛበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ከባድ ነው። ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፣ ምን እንደ ታዘዘ ይታወቃል፣ እስከ መቼና የት እንደሚፈጸም ይታወቃል፣ ያልፈጸመ ምን እንደሚያገኘውም ይታወቃል። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሚበትኑት ደብዳቤ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ሳይይዝ ይወጣል።

ይሁን እንጂ አዋጁ የሠራው በቃሉ ጥራት ብቻ አይመስለኝም። ከንጉሠ ነገሥቱ እስከ ጭቃ ሹሙ ባለው ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ቃሉን ወደ ታች ለማሳለፍ የራሱ ምክንያት ነበረው። ራስ ወይም ደጃዝማች የሆነው ሰው ይዞት የሚቀርበው ጦር ብዛት ክብሩንና የነገ ሹመቱን ይወስናል። ባለ ጉልቱ መሬቱን የያዘው በአገልግሎት ነውና ቢቀር ከመሬቱ ይነቀላል። ጭቃ ሹሙ ቀበሌው ጎድሎ ቢገኝ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ገበሬውም አገሩ የተወረረበት፣ ሃይማኖቱና ቤቱ ያሳሰበው ሰው ነበር። በሰንሰለቱ ላይ ዝም ብሎ የሚጠቀም አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወረኢሉ ላይ ሠራዊቱ በቀጠሮው መክተቱ የንጉሡ ድምፅ ሩቅ ድረስ ስለ ተሰማ ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ያስተጋቡት ሁሉ በማስተጋባታቸው ይጠቀሙ ስለ ነበር ጭምር ነው።

ወደ ላይስ? በጥንቱ ሥርዓት ወሬ ወደ ላይ የሚወጣባቸው መንገዶች አልጠፉም፤ ነገር ግን አንዳቸውም እንደ አዋጁ የተደራጁ አልነበሩም። ዋነኛው የንጉሡ መንቀሳቀስ ነበር። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ ያሳልፉ ነበር፤ ከወታደርና ከመኳንንት ጋር ከአገር አገር ሲዞሩ፣ የሚበሉትን የሚያመጣው ያ አገር ስለ ሆነ፣ አዝመራው መጥፋቱን ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። ሁለተኛው አቤቱታ ነው። የተበደለ ሰው በመንገድ ላይ ወይም በግቢው በር ቆሞ አቤት! አቤት! ብሎ ይጮኻል፣ ንጉሡም ሰምቶ እንዲፈርድ ይጠበቃል፤ ጩኸት ሰምቶ ማለፍ ለንጉሥ ነውር ነበር። ሦስተኛው አውጫጭ የሚባለው ነው፤ ወንጀል ሲሠራና ሠሪው ሲጠፋ የቀበሌው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሥራ ፈትቶ ይውላል ያድራል። በዚህ መንገድ ሌባ ይገኝ ይሆናል እንጂ፣ ሕዝቡ የራሱን ችግር ለመንግሥት የሚነግርበት አፍ አይገኝም። አራተኛው ጆሮ ጠቢ ነው፤ የሱ ሥራ ማን አመፀ፣ ማን አማ የሚለውን ማምጣት ነው። ከአራቱ ውስጥ ስለ ጥጋብና ረሃብ፣ ስለ ግብር ክብደትና ስለ ሹም ግፍ የሚያስተላልፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ልብ ማለት ያሻል። እነርሱም ቢሆኑ በንጉሡ አካላዊ መገኘት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ንጉሡ በሌለበት አቤት የሚባልለት የለም።

ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በር ጠባቂዎች ነበሩት። አጋፋሪው ማን እንደሚገባ ይወስናል፣ እልፍኝ አስከልካዩ ስሙ እንደሚናገረው ይከለክላል። በእጅ መንሻ የሚለሰልስ አጋፋሪ ነበር፣ ባለጋራ ቀድሞ የያዘው አጋፋሪም ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ባለጉዳይ ስንቁ አልቆ፣ ደጅ ሲጠና ወራት አሳልፎ፣ ሳይሰማ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ደጅ ጥናት የሚለው ቃል በአማርኛ የተለመደ መሆኑ ነገሩ ምን ያህል የኑሮ ክፍል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ይህን የማነሣው ያለፈውን ዘመን እንደ ወርቅ ለማሳየት የሚሞክር ጽሑፍ ከመጻፍ ራሴን ለመጠበቅ ነው። የላይኛው መንገድ ድሮም ጠባብ ነበር። ልዩነቱ ግን ጠባብም ቢሆን ጫፉ ላይ አንድ የሚሰማና የመስማት ግዴታ ያለበት ሰው መኖሩ ነው።

ነገሮች የተለወጡት ቤተ መንግሥቱ አዲስ አበባ ላይ ተክሎ ሲቀመጥ ነው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ዋና ከተማውን ከሐረር፣ ኋላም ከአሥመራ ጋር አገናኘ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ1934 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተደራጁ፣ በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮቹ ሥልጣን በትእዛዝ ተወሰነ። ጽሕፈት ሚኒስቴር የመንግሥቱን ማኅተም የሚጠብቅ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ጽፎ የሚያስተላልፍ መሥሪያ ቤት ስለ ነበር፣ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የያዙት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይልቅ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ትእዛዝ ብቻ በሚፈስበት ቤት የትእዛዙን አፍ የያዘ ሰው ሁሉን ይይዛል።

የነጋሪት ጋዜጣ ነገር ጥቂት ቆም ብለን እንድናይ ይጋብዛል። ስሙ ከነጋሪቱ የተወሰደ ነው፤ የአዋጁ ወራሽ መሆኑን ለማሳየት ይመስላል። በሥራው ግን የወረሰው ግማሹን ብቻ ነው። አዋጅ ነጋሪው ገበያ ላይ ሲለፍፍ ሕዝቡ መስማቱን በዓይኑ ያያል፤ ጉርምርምታውን ይሰማል፣ ሽማግሌው ቀርቦ ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ነጋሪውም ያየውን ለሹሙ ይዞ ይመለሳል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ አዲስ አበባ ላይ ሲወጣ ሕጉ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወቅሁም ማለት መከራከሪያ አይሆንም። ለሕግ ሥራ ይህ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ዘመናዊ መንግሥት ያለ ጽሑፍ አይቆምም። ነገር ግን በገበያው ላይ የነበረችው ያቺ ትንሽ የመልስ ቅጽበት ጠፋች፤ በምትኳም ሌላ አልተተካም።

የመልሱ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ጎጃም አሳየ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ሲታይ አዋጁ ከቀድሞው የተሻለ ፍትሐዊ ነበር፤ ግብሩን በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በምርቱ ገቢ ላይ ያደርጋል። የጎጃም ገበሬ ግን ገማች ኮሚቴ ወደ ማሳው ሲመጣ ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ርስቱ ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። ይህን ስጋት ለመንገር ሽማግሌዎች ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ የጥንቱን መንገድ፣ አቤቱታን፣ ሞከሩ። የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ግን ነገሩን የጥቂት አሳማፂዎች ሥራ አድርጎ ወደ ላይ አቀረበው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ጠመንጃ ነበር፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተማረ። የግብሩን ዓላማ በገበሬው ቋንቋ ማስረዳትና የገበሬውን ስጋት ሳይጣመም ማድረስ ቢቻል ኖሮ ያ ሁሉ ደም ይፈስ ነበር ብዬ አላምንም። ንጉሠ ነገሥቱ ግብሩን የማሩት የአመፁን ድምፅ ሰምተው ነው፤ ያው ቃል በሽማግሌ አፍ ሲመጣ ግን አልተሰማም። ገበሬው ከዚህ ምን ይማራል? መንግሥት የሚሰማው ሲተኮስ ብቻ እንደ ሆነ ይማራል፤ አስተዳደርንም ከዚህ በላይ የሚጎዳው ነገር የለም።

አሁን ወደ ወረኢሉ እንመለስ። 302ቱ ቀን አልቆ ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ሲደርስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ነገሩን አገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመለከተው ማዘዝ ነበር፤ ያንኑ አሥር ወር ሙሉ ወሬው ተቀምጦበት የነበረውን መሥሪያ ቤት። ሚኒስቴሩም ለወሎ ሹማምንት ጻፈ፤ የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይላክ ሲል። ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው ጭካኔ ነው ብሎ ይፈርድ ይሆናል። እኔ ግን ከጭካኔው በፊት ልማዱን አያለሁ። ያ መሥሪያ ቤት ከታች የሚመጣ ነገርን የሚያውቀው በሁለት መልክ ነው፤ አንድም እንደ ክስ፣ አለዚያም እንደ ልመና። ክስ ማስረጃ ያስፈልገዋል፣ ልመናም ማጣሪያ። ስለዚህ ረሃቡ በዶሴ ውስጥ እንደ አንድ ክርክር ተያዘ፣ ሟቾቹም ማስረጃ ሆኑ። ጥያቄው በሕይወት ስላለው፣ እህል ስለሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ቢሆን ኖሮ፣ መልሱ እህል ጭኖ ለመላክ ይረዳ ነበር። የሟች ስም ግን ማንንም አያድንም። ማጣራት ያስፈልጋል ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው፤ አዎን፣ ሐሰተኛ ወሬ ይኖራል፣ እርዳታን የሚመኝ ሹም ችግሩን አጋኖ ሊያቀርብ ይችላል። ነገር ግን ማጣራት አንድ ሰው በመኪና ልኮ በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ደብዳቤ ለደብዳቤ መጠያየቅ ሲሆን፣ ማጣራቱ ውሳኔን ለማዘግየት የተመቸ መሸሸጊያ ይሆናል።

የሚገርመው በዚሁ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጥቶ፣ ይግባኙን የጨረሰ ተከራካሪ ወደ ዙፋን ችሎት አቤቱታ የሚያቀርብበትን መንገድ በአንቀጽ ደንግጎ ማስቀመጡ ነው። ከዚያ በፊት የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብን መብት አውቆ ነበር። እንግዲህ አቤቱታ አልጠፋም፤ ተጻፈ፣ ተከበረ፣ ሥርዓት ወጣለት። ነገር ግን የተጻፈለት ባለ መዝገብ ለሆነው፣ በመሬት ወይም በውርስ ለተረታው ተሟጋች ነው። አዝመራው የጠፋበት አንድ ሙሉ አውራጃ ተከሳሽ የለውም፣ የተፈረደበትም ፍርድ የለም፤ በየትኛው አንቀጽ ይገባል? የሕጉ ሰዎች ለግለሰብ በር ሲከፍቱ ለሕዝብ የሚሆን በር አልታሰባቸውም።

እዚህ ላይ ሊነሡ ከሚችሉ ተቃውሞዎች አንዱ መንገዱና ርቀቱ ነው። አገሩ ተራራ፣ ወንዙ በክረምት የማይሻገሩት፣ ስልኩ ጥቂት፣ ስለዚህ ወሬ መዘግየቱ የተፈጥሮ ነገር ነው ይባላል። ይህን የሚያፈርሰው የወረኢሉ ቁጥር ራሱ ነው። ከአካባቢው እስከ አዲስ አበባ ያለውን ተራራና ወንዝ ያለፈው ወሬ የፈጀው አንድ ወር ነው። 302ቱን ቀን የፈጀው ከሚኒስቴሩ እስከ ቤተ መንግሥቱ ያለው የአንድ ከተማ ጎዳና ነው። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ደግሞ የባሰ ማስረጃ አለው። ብዙዎቹ ተራቢዎች የወደቁት ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ በሚወስደው ዋና አውራ ጎዳና ዳር ነበር። በዚያ ጎዳና ላይ የመንግሥት መኪናዎች በየቀኑ ይመላለሳሉ። ዓይን ነበረ፣ መንገድ ነበረ፣ ስልክም ነበረ።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። ይህ የግንኙነት ጉድለት ሳይሆን የተንኮል ጉዳይ ነው ይላል፤ ሹማምንቱ አውቀው ደበቁት። በ1965ቱ ረሃብ ይህን የሚደግፍ ብዙ ነገር አለ። የእርሻ ሚኒስቴር አስቀድሞ የአዝመራ ጥናት አድርጎ የሚመጣውን አይቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ደርሰው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ከወሎ ተነሥተው ችግራቸውን ለመንገር ወደ ዋና ከተማው የተጓዙ ገበሬዎችን ፖሊስ መለሳቸው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አወቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ነው። በረሃቡ ያለቀው ሕዝብ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። ስለዚህ መደበቅ ነበር፤ ማንም አይክድም። እኔ የምጠይቀው ለምን መደበቅ አዋጭ ሆነ የሚለውን ነው። የወሎ ጠቅላይ ገዥነት ለአልጋ ወራሹ የተሰጠ ሲሆን፣ አገሩን በእርሳቸው ስም የሚያስተዳድረው እንደራሴ ነበር። በሹም ሽር ዘመን የእንደራሴና የአውራጃ ገዥ ሥራ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ግብሩ ገብቷል ወይ? አገሩ ጸጥ ብሏል ወይ? ረሃብን ማሳወቅ ግብሩ አይገባም፣ አገሩም ጸጥ አይልም ብሎ ራስን መክሰስ ይሆናል። በአድዋው አዋጅ ሰንሰለት ላይ ያሉት ሁሉ በማስተላለፍ እንደ ተጠቀሙ፣ በረሃቡ ወሬ ሰንሰለት ላይ ያሉት ሁሉ በዝምታ ተጠቀሙ። አንድ ክፉ ሰው ቢሻርና ደግ ሰው ቢሾም፣ ደጉም ያው ሚዛን ይጠብቀዋል። ተንኮል የግለሰብ ነው፤ ተንኮልን የሚሸልም ሥርዓት ግን የአስተዳደር ነው፣ መታረም የነበረበትም እርሱ ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ወሎ ረሃብ ባጠናው ጥናት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደ ነበር አሳይቷል። ገበሬው የራበው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ከብቱ አልቆ፣ አዝመራው ከስሞ፣ የሚገዛበት አቅም ስለ ጠፋ ነው። እንግዲህ ደሴ ላይ ተቀምጦ የገበያውን ዋጋ የሚመለከት ቅን ሹም እንኳ ረሃብ የለም ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ይህ የሚያሳየው መረጃ መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ማዕከሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ከማዕከሉ ፍላጎት የተነሣ ከሆነ፣ መልሱ እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል። የገበሬውን ኑሮ ማወቅ የፈለገ መንግሥት የከብት ሽያጭን፣ የሰው ፍልሰትን፣ የዘር እህል መበላትን መጠየቅ ነበረበት፤ ይህን ጭቃ ሹሙም አጥቢያ ዳኛውም ያውቁታል፣ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

አንባቢ ንጽጽሩን ራሱን ሊነቅፍ ይችላል፤ የጦርነት አዋጅና የረሃብ ወሬ እንዴት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ? ጠላት ድንበር ሲያልፍ ሁሉም ይደነግጣል፣ ረሃብ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ በየዓመቱም በአንድ ስፍራ የማይጠፋ ነገር ነው። እውነት ነው፣ አንድ አይደሉም። ሆኖም በ1950 እና 1951 ዓ.ም. በትግራይ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በረሃብ አልቋል። ይህን ያህል ሰው በጦር ሜዳ ቢሞት ኖሮ መንግሥት ወሬ የሚያመጣበትን መንገድ እንደ አዲስ ባደራጀ ነበር። ከትግራይ በኋላ ግን የተለወጠ ነገር ባለመኖሩ በ1958 ወረኢሉ ደገመው፣ በ1965 ወሎ በሙሉ ሠለሰው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጥፋት ቀስ ብሎ ለማወቅ ምክንያት አይሆንም፤ ቀድሞ ለመድረስ ጊዜ የሚሰጥ እርሱ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክሬን በአንድ በኩል ያጠናክረዋል፣ በሌላ በኩል ያርመዋል። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በኋላም የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ይህ በኢትዮጵያ አስተዳደር ታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ከታች ወደ ላይ ወሬ ለማምጣት ብቻ የተሠራ መንገድ ተገኘ። መልእክተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ክፉ ወሬ ስላመጣ ነውና፣ የዝምታ ጥቅም ቀረ። ፍሬውም ታየ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የሚመጣውን ረሃብ በቁጥር አስደግፎ ለጋሾችን አስጠነቀቀ። ነገር ግን ለጋሾቹ አመነቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው የደርግ መንግሥትም ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ይዘጋጅ ነበር። በዓሉ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በድምቀት ተከበረ፤ በኮረም የተሰበሰቡት ተራቢዎች ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በተከታዩ ወር ነው። ስለዚህ ወሬ መድረሱ ብቻውን አይበቃም። የደረሰው ሰው መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ነገር ያስፈልጋል። በጥንቱ ሥርዓት አቤት ለሚል ሰው መልስ አለመስጠት ለንጉሥ ነውር ነበር፤ ለደርግ ግን ነውር አልነበረም።

የሕዝብ አስተዳደር የሚያስተምሩ መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ ስለ ውጤታማ ግንኙነት ሲማሩ የውጭ ኩባንያ ምሳሌ ከመስጠታችሁ በፊት የወረኢሉን ወሬ ስጧቸው። ከፖሊስ ጣቢያው ተነሥቶ ወደ አውራጃው፣ ከአውራጃው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴሩ የሄደበትን መንገድ በየጠረጴዛው ይከተሉት፤ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰው ወሬውን ቢያሳልፍ ምን ይደርስበት እንደ ነበር፣ ቢያዘገየው ማን ይጠይቀው እንደ ነበር ይጻፉ። ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ነገ ራሳቸው ሊሠሩበት ስለሚገቡት መሥሪያ ቤት ይመልሱት።